ከኋላ የሚመጣው እንዲያይ፦ የተጎታች መኪና መብራት አመራረጥ

ከዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው የመርሐቤቴን ከፍታ ትቶ በመጀመሪያ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል። በቆላው ሙቀት ውስጥ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ በጠመዝማዛው መንገድ ወደ ለሚ አፋፍ ይወጣል፤ ከዚያም ሙከጡሪ ላይ ከጎጃሙ አውራ ጎዳና ጋር ይገናኛል። በዚህ መንገድ ዳገቱ ሞተርን፣ ቁልቁለቱ ፍሬንን ይፈትናል። አንዲት የቤት መኪና ከሸለቆው ስትወጣ ሞተሯ ተበላሽቶ ቆመች እንበል። መለዋወጫው የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። ባለቤቱ የአንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ሾፌር ለምኖ መኪናዋን ከኋላው ያስራል። ጉዞው የዝግታ ጉዞ ነውና ሳይደርሱ ይመሻል። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መንገድ ለማየት የሚበቃው ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ከዚያ በኋላ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር የሚያየው ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ መነሻ አድርገን የተጎታች መኪና መብራት እንዴት እንደሚመረጥ ለማየት እንሞክራለን።

የኋላ መብራት ሦስት ቃላት

የመኪና የኋላ መብራት ሦስት ነገሮችን ይናገራል። ቀይ የፓርኪንግ መብራት «እዚህ አለሁ» ይላል፤ ደማቁ የፍሬን መብራት «ፍጥነት እየቀነስኩ ነው» ይላል፤ ፍሬቻው ደግሞ «ወዲህ ልታጠፍ ነው» ይላል። አንድ መኪና ሌላውን ሲጎትት ግን ውሳኔውን የሚወስነው የፊተኛው፣ ለኋላ የሚታየው ደግሞ የኋለኛው ነው። የጎታቹ መብራት በተጎታቹ አካል ይሸፈናል። ስለዚህ የመብራት ምርጫው ዋና ቁም ነገር የፊተኛው ሾፌር የሚያደርገውን በመጨረሻው መኪና ጭራ ላይ ማሳየት ነው።

የመኪናዋ የራሷ መብራት አይበቃምን?

ብዙዎቻችን የምናደርገው የተጎታቿን አራቱንም ፍሬቻዎች በአንድነት ማብራት ነው። ይህ ከምንም ይሻላል፤ ጉድለቶቹ ግን ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ አራቱም በአንድነት ሲበሩ ሾፌሩ ወዴት እንደሚታጠፍ ለማሳየት አይቻልም። ሁለተኛ፣ የፍሬን መብራቷ የሚታዘዘው በተጎታቿ ሾፌር እግር ነው። በገመድ ስትጎተት ገመዱ እንዳይላላ ፍሬኑን ደጋግሞ ስለሚነካ መብራቱ ያለ ማቋረጥ ይበራል፤ ትርጉሙንም ያጣል። በብረት ዘንግ ስትጎተት ደግሞ ጎታቹ ፍሬን ሲይዝ የእርሷ መብራት ላይበራ ይችላል።

ሦስተኛው የባትሪው ጉዳይ ነው። እያንዳንዳቸው 21 ዋት የሆኑ አራት ፍሬቻዎች ግማሹን ጊዜ ብቻ ስለሚበሩ በአማካይ 42 ዋት ይወስዳሉ። የፓርኪንግና የሰሌዳ መብራቶች 25 ዋት ያህል ይጨምራሉ። ድምሩ 67 ዋት ለ12 ሲካፈል 5.6 አምፔር ይሆናል። በአምስት ሰዓት ጉዞ 28 አምፔር-ሰዓት ያህል ይጠፋል ማለት ነው። ሞተሩ ስለማይሠራ ባትሪውን የሚሞላ የለም። የአነስተኛ መኪና ባትሪ አዲስ ሳለ ከ40 እስከ 50 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ሲሆን ያረጀው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። እንግዲህ መብራቱ የሚከዳው ጨለማው በበረታበት ሰዓት ነው።

አራት መንገዶች

በሰሜን አሜሪካ በቤት መልክ በተሠራ ትልቅ መኪና እየተጓዙ ከኋላ ትንሽ መኪና መጎተት የተለመደ ስለሆነ፣ ለዚህ ችግር አራት መፍትሔዎች በሰፊው ይሠራባቸዋል።

የመጀመሪያው፣ መብራቶች የተገጠሙበት ተነቃይ ጣውላ ወይም በማግኔት የሚጣበቅ መብራት ነው። ከተጎታቿ ኋላ ይታሰርና በሽቦ ከጎታቹ ጋር ይያያዛል። ሁለተኛው፣ በተጎታቿ የመብራት ቤት ውስጥ ተጨማሪ አምፖል ገጥሞ በተለየ ሽቦ ከጎታቹ ማብራት ነው። ሦስተኛው፣ የተጎታቿን የራሷን አምፖሎች በዳዮድ አማካይነት ከጎታቹ ጋር ማያያዝ ነው። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ ከጎታቹ የመጣው ኤሌክትሪክ ወደ ተጎታቿ ሌሎች መስመሮች ሾልኮ እንዳይገባ ይከላከላል። ሆኖም ተራው የሲሊከን ዳዮድ 0.7 ቮልት ገደማ ያስቀራል። አራተኛው፣ በሬዲዮ ሞገድ የሚታዘዝ ሽቦ አልባ መብራት ነው፤ የራሱ ባትሪ ስላለው አስቀድሞ መሞላቱ መረጋገጥ አለበት።

ዘወትር ለሚጎተት መኪና ሁለተኛውና ሦስተኛው ተገቢ ናቸው። በድንገት ለተበላሸች መኪና ግን የማንንም ሽቦ ሳይነካ ታስሮ የሚፈታው ተነቃይ መብራት ይመረጣል።

12 ወይስ 24?

በእኛ አገር ሁኔታ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የቮልቴጅ ጥያቄ ነው። የቤት መኪኖችና ፒክአፖች በአብዛኛው በ12 ቮልት ሲሠሩ፣ በርካታ የጭነት መኪናዎች ሁለት ባትሪዎችን በተከታታይ አያይዘው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ኃይል ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ የ12 ቮልት አምፖል 24 ቮልት ሲደርሰው አራት እጥፍ ገደማ ኃይል ሊወስድ ይሞክራል፤ ወዲያውም ይቃጠላል። በተቃራኒው የ24 ቮልት አምፖል በ12 ቮልት ሲሠራ የሚሰጠው ብርሃን ከሚገባው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። በርቷልና ደኅና ይመስላል፤ ከሩቅ ግን አይታይም። በዚህ ምክንያት የተጎታቿን የ12 ቮልት አምፖሎች ከ24 ቮልት አይሱዙ ጋር በቀጥታ ማያያዝ አይገባም። ከ10 እስከ 30 ቮልት የሚሠሩ የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶች ስላሉ፣ ተነቃይ መብራት የሚገዛ ሰው ይህ ቁጥር የተጻፈበትን ቢመርጥ ለሁለቱም ዓይነት ጎታች ይሆነዋል።

ቀጭን ሽቦና የተረሳ ማሳ

ብርሃን የሚጠፋው አምፖሉ ውስጥ ብቻ አይደለም። ከጎታቹ ጭራ እስከ ተጎታቿ ጭራ 10 ሜትር ሽቦ ቢዘረጋ መሄጃና መመለሻው 20 ሜትር ይሆናል። የመዳብ ሽቦው ውፍረት 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ተቃውሞው 0.7 ኦም ነው። በ12 ቮልት ሁለት የፍሬን አምፖሎችን ስናበራ ለአምፖሎቹ የሚደርሰው 10 ቮልት ብቻ ይሆናል። የአምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚቀንስ፣ ከብርሃኑ ግማሽ የሚጠጋው ይጠፋል። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢተካ ግን የሚጠፋው አንድ ስምንተኛ ገደማ ብቻ ነው።

የመኪና ኤሌክትሪሻኖች «ማሳ» የሚሉት መመለሻ መስመርም ብዙ ጊዜ ይረሳል። በአንድ መኪና ላይ የመኪናው ብረት ራሱ መመለሻ ሆኖ ያገለግላል። ሁለት መኪኖች በገመድ ሲታሰሩ ግን ገመዱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የዛገ የብረት ዘንግም አይታመንም። ስለዚህ ማሳው የራሱ ሽቦ ያስፈልገዋል። ፍሬቻ ሲበራ የፓርኪንግ መብራቱም አብሮ ደብዘዝ እያለ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ኤሌክትሪኩ መመለሻ አጥቶ በሌላ አምፖል በኩል መንገድ እየፈለገ መሆኑን እንረዳለን።

አምፖል ወይስ ኤል.ኢ.ዲ.?

በአምፖል ውስጥ ያለው ቀጭን ክር ግሎ እስኪያበራ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ኤል.ኢ.ዲ. ግን ወዲያው ይበራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚከተል መኪና በዚያች ጊዜ 3 ሜትር የሚጠጋ ርቀት ይሄዳል። ኤል.ኢ.ዲ. የሚወስደው ኤሌክትሪክም አነስተኛ ስለሆነ በሽቦው ላይ የሚባክነው ይቀንሳል፤ የጎታቹንም የፍሬቻ ፍላሸር አያጨናንቅም።

ቀይ ቀለም ጉምን ሰንጥቆ ያልፋል የሚለው አባባል ግን ሊታረም ይገባዋል። የጉም ጠብታዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ማይክሮ ሜትር ያላነሰ ስፋት ሲኖራቸው የቀይ ብርሃን ሞገድ ርዝመት 0.65 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። ጠብታው ከሞገዱ እጅግ ሲበልጥ ሁሉንም ቀለሞች በእኩል ደረጃ ይበትናል። በክረምት ጉም ደጋውን ሲሸፍነው የሚያድነን እንግዲህ ቀለሙ ሳይሆን ድምቀቱና የመስተዋቱ ንጽሕና ነው። ከጀማ ቁልቁለት የተነሣ አቧራ ወይም ጭቃ የለበሰ መብራት የቱንም ያህል ቢመረጥ አይጠቅምም።

በመጨረሻ

መብራት ቢጠፋ እንኳ የሚሠራ ነገርም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ተሳቢዎች ከኋላቸው ጫፉ ወደ ላይ የሆነ ሦስት ማዕዘን ቀይ አንጸባራቂ ሁለት እንዲኖራቸው ይጠይቃል። አንጸባራቂ ባትሪም ሽቦም አያሻውም። የሚመጣውን መኪና ብርሃን ወደ መጣበት ይመልሳል።

ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት ጥቂት ደቂቃ እንስጥ። አንዱ ከጎታቹ መሪ ኋላ ተቀምጦ ፓርኪንጉን፣ ፍሬኑን፣ ግራና ቀኝ ፍሬቻውን በየተራ ያብራ፤ ሌላው ሠላሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ርቆ ይመልከት። ጎታቹ ቁልቁለቱን በሞተር ኃይል ብቻ ሲይዝ የፍሬን መብራቱ እንደማይበራ አስታውሰን የፓርኪንግ መብራቱን ጉዞው እስኪያልቅ አናጥፋው። ሞተሯ የጠፋ መኪና ፍሬኗም መሪዋም እንደሚከብዱ ለሾፌሯ እንንገረው። ከሦስቱ ቃላት አንዱ እንኳ ከኋላ ካልታየ ግን፣ የመብራቱን ነገር ትተን ለሚ አድሮ ማለዳ መነሣት ይሻላል።