የግቢ ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ይጠይቁ

አጥር ላይ ካሜራ መስቀል ከጥቂት ዓመታት በፊት የባንክ፣ የትልልቅ ሆቴሎችና የነዳጅ ማደያዎች ጉዳይ ነበር፡፡ አሁን ግን የመኖሪያ ቤትና የአነስተኛ ሱቅ ዕቃ ወደመሆን ደርሷል፡፡ በመቀሌ ደግሞ ነገሩ የራሱ ምክንያት አለው፡፡ በጦርነቱ ንብረቱን ያጣ ቤተሰብ የቀረችውን ለመጠበቅ ይፈልጋል፡፡ ሱቁን እንደገና የከፈተ ነጋዴ ሁለተኛ ጊዜ ከዜሮ ለመጀመር አቅም የለውም፡፡ ውጭ አገር የሚኖር ልጅም እናትና አባቱ ብቻቸውን የሚያድሩበትን ግቢ ከሩቅ ለማየት ሲል ከደመወዙ ቀንሶ ይልካል፡፡ እንዲህ ያለ ገንዘብ ለማይረባ ዕቃ ሲውል ያሳዝናል፡፡

ብዙ ገዢ ሱቅ ሲገባ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፡፡ ‹‹ስንት ሜጋ ፒክስል ነው?›› ‹‹ማታ ያሳያል?›› ‹‹በሞባይል ይታያል?›› ሻጩም ለመጀመሪያው ትልቅ ቁጥር ይጠራና ለቀሪዎቹ ‹‹ችግር የለም›› ይላል፡፡ ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፡፡ በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን መቀሌ ላይ ከሦስቱም መቅደም ያለበት አራተኛ ጥያቄ አለ፡፡ መብራትና ኔትወርክ በአንድ ላይ ሲጠፉ ካሜራው ምን ይሆናል?

ይህ ጥያቄ ከባዶ ፍርሃት የመጣ አይደለም፡፡ ጦርነቱ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ኢንተርኔት ተቋረጠ፡፡ የፌዴራሉ ሠራዊት ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ከመቀሌ ከወጣ በኋላ ደግሞ ከተማዋ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መስመር ተለየች፤ ስልክና ባንክም ቆሙ፡፡ የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ ከተማዋ ከዋናው መስመር ጋር ዳግም የተገናኘችው በኅዳር 2015 መጨረሻ ነው፡፡ አሥራ ሰባት ወር ያህል ማለት ነው፡፡ ሰው ንብረቱን ለመጠበቅ ይበልጥ በተጨነቀበት ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ካሜራ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጌጥ ከመሆን አያልፍም ነበር፡፡ በሰላሙ ጊዜም ቢሆን መብራት ለሰዓታት መጥፋቱ ለማንኛችንም አዲስ አይደለም፡፡ ሌባም ጨለማ እንደሚመቸው ለማወቅ ምርምር አያስፈልገውም፡፡

እንግዲህ አንዱን ካሜራ ከሌላው የሚለየው በመጀመሪያ የቀረጸውን የት እንደሚያስቀምጥ ነው፡፡ አንዳንዱ ምስሉን በኢንተርኔት አሻግሮ በአምራቹ ኮምፒዩተር ላይ፣ ‹‹ክላውድ›› በሚሉት ላይ ያስቀምጣል፡፡ ለዚህም ብዙውን ጊዜ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ያስከፍላል፡፡ ኔትወርኩ ሲቋረጥ ዓይኑ ፈጥጦ የማያይ ይሆናል፡፡ ሁለተኛው ዓይነት በራሱ ሆድ ውስጥ በተሰካ ሜሞሪ ካርድ ላይ ይቀርጻል፡፡ ይህ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ነገር ግን ሌባው ካሜራውን ነቅሎ ከሄደ ማስረጃውም አብሮት ይሄዳል፡፡ ሦስተኛው ካሜራዎቹ በኬብል ቤት ውስጥ ከተደበቀ መቅረጫ ሳጥን ጋር የሚገናኙበት ነው፡፡ ባለሙያዎች ሳጥኑን እንደ ካሜራው ዓይነት ዲቪአር ወይም ኤንቪአር ይሉታል፡፡ ኢንተርኔት ሲኖር በሞባይል ያሳያል፤ ሳይኖር ደግሞ ዝም ብሎ መቅረጹን ይቀጥላል፡፡ ከአንድ በላይ ካሜራ ለሚያስፈልገው ግቢ ከዚህ ሌላ አልመክርም፡፡

ይህን መፈተን ቀላል ነው፡፡ ሱቁ ውስጥ ዋይፋዩን አስጠፍተው አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፡፡ ከዚያም ያለፈው አሥር ደቂቃ ተቀርጾ እንደሆነ እንዲያሳይዎ ሻጩን ይጠይቁ፡፡ ‹‹ይኼ አያስፈልግም›› ካለዎት መልሱን አግኝተዋል፡፡

መብራቱን በተመለከተ ትንሽ ሒሳብ መሥራት ይጠቅማል፡፡ አንድ የውጭ ካሜራ የማታ መብራቱን ጨምሮ ከ5 እስከ 8 ዋት ገደማ ይወስዳል፡፡ አራት ካሜራና አንድ መቅረጫ ሳጥን በአንድነት 40 ዋት ይፈጃሉ እንበል፡፡ ለኮምፒዩተር በሚሸጠው ትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባትሪ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ነው፡፡ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል፡፡ ይህ በወረቀት ላይ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ በተግባር ከዚያም ያንሳል፡፡ ስለዚህ ‹‹ዩፒኤስ አለው›› ተብሎ የተገዛ ካሜራ ከምሽቱ 4 ሰዓት መብራት ቢጠፋ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ያንቀላፋል፡፡ ሌሊቱን ለማሳደር ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል፡፡ አቅሙ 1200 ዋት ሰዓት ነው፤ የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ሲሠራ ዕድሜው ስለሚያጥር 600ውን ብቻ እንቁጠር፡፡ 15 ሰዓት ያስኬዳል፡፡ ካሜራዎቹና ሳጥኑ በ12 ቮልት የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ከባትሪው በቀጥታ፣ በመጠነኛ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ በኩል ማገናኘት ይቻላል፡፡ በኢንቨርተር ወደ 220 ቮልት ከፍ አድርጎ እንደገና ማውረድ የሚያባክነው ኃይል ይድናል፡፡ ባጀቱ ውስን ከሆነ ከአራት ውድ ካሜራዎች ይልቅ ሁለት መካከለኛ ካሜራና አንድ ጥሩ ባትሪ የተሻለ ግዢ ነው፡፡

በፀሐይ የሚሠሩ፣ የራሳቸው ባትሪ ያላቸውና ሲም ካርድ የሚቀበሉ ካሜራዎችስ? ለመቀሌ የተፈጠሩ ይመስላሉ፡፡ ከሐምሌና ከነሐሴ ደመና በስተቀር ፀሐዩ አይጠፋም፡፡ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ተኝተው የሚውሉ ናቸው፡፡ የሰው ሙቀት ሲሰማቸው ይነቃሉ፤ ለመንቃትም አንድ ሁለት ሴኮንድ ይፈጅባቸዋል፡፡ በበሩ በፍጥነት ያለፈ ሰው ፊቱ ሳይሆን ጀርባው ይቀረጻል፡፡ መብራት ላልገባበት የግንባታ ቦታ ወይም ለእርሻ ቤት ጥሩ ናቸው፡፡ ለዋና በር ግን ብቻቸውን አይበቁም፡፡

አሁን ወደ ሜጋ ፒክስሉ እንምጣ፡፡ እዚህ ላይ ገዢውን የሚያሳስተው ቁጥሩ ብቻውን ምንም አለመናገሩ ነው፡፡ በዓለም አቀፉ የካሜራ ደረጃ መሠረት የማያውቁትን ሰው ፊት ለይቶ ለማስረዳት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል ያስፈልጋል፡፡ የሚያውቁትን ሰው ለመለየት 125 ይበቃል፤ ‹‹እዚያ ጋ ሰው አለ›› ለማለት ደግሞ 25፡፡ ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ምስሉ ወደ ጎን 1920 ፒክስል ስላለው፣ ፊት የሚለየው ከ7.7 ሜትር ያልበለጠ ስፋት ሲያይ ብቻ ነው፡፡ ገበያ ላይ የተለመደው ባለ 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ 100 ዲግሪ ገደማ ስለሚያይ ያ ስፋት የሚሞላው ከካሜራው 3 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው፡፡ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ‹‹ጋቢ የለበሰ ረዥም ሰው›› ከመባል አያልፍም፡፡ ባለ 8 ሜጋ ፒክስሉ በዚያው ሌንስ ርቀቱን እጥፍ ያደርገዋል፤ 6 ሜትር፡፡ አሮጌው ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ግን ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢገጠምለት የሚያየው ስፋት ይጠብና እስከ 8 ሜትር ድረስ ፊት ይለያል፡፡ ርካሹ ውዱን በለጠው ማለት ነው፡፡

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሜትር ይያዙና ካሜራው ከሚሰቀልበት ቦታ እስከ በሩ ያለውን ርቀት ይለኩ፡፡ በሩን ጠበብ አድርጎ የሚያይ አንድ ካሜራ፣ ግቢውን በሙሉ ሰፋ አድርጎ የሚያይ ሌላ አንድ ካሜራ ለአብዛኛው መኖሪያ ቤት በቂ ናቸው፡፡ ከፍታውም ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ይሁን፡፡ ‹‹እንዳይደረስበት›› ተብሎ ጣሪያ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ካሜራ የሚቀርጸው ኮፍያና አናት ነው፡፡ እየዞሩ የሚያዩት ካሜራዎች ሱቅ ውስጥ ሲታዩ ያስደምማሉ፤ ነገር ግን ወደ ግራ ሲዞሩ በቀኝ በኩል የሚሆነውን አያዩም፡፡

‹‹ማታ ያሳያል?›› ለሚለውም መልሱ ‹‹ምን ያሳያል?›› የሚል ሌላ ጥያቄ መሆን አለበት፡፡ ብዙዎቹ በዓይን በማይታይ ብርሃን እየታገዙ በጥቁርና ነጭ ይቀርጻሉ፡፡ የመቀሌ ቤቶች ግን በነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፡፡ ካሜራው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ከተሰቀለ ያ ብርሃን ከድንጋዩ ነጥሮ ይመለስና ምስሉ በግማሹ ነጭ ሆኖ ቀሪው ይጨልማል፡፡ ካሜራውን ከግድግዳው ትንሽ ራቅ የሚያደርግ ማንጠልጠያ ይህን ይፈታል፡፡ ማታ በቀለም የሚያሳዩት ደግሞ የራሳቸውን ነጭ መብራት የሚያበሩ ወይም የመንገድ መብራት የሚፈልጉ ናቸው፡፡ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚታይ ሰው በማንኛውም ካሜራ ያምራል፤ በማታ እየሮጠ ያለፈ ሰው የተቀረጸበትን ምስል እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ፡፡ በቀን ደግሞ ፀሐይ በበሩ ማዶ ስትሆን የሚገባው ሰው ፊት ይጠቁራል፡፡ ይህን የሚያስተካክለው ‹‹ደብሊው ዲ አር›› የሚባለው ብቃት ነው፤ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ፡፡

አቧራውና ዝናቡ ብዙ አያስጨንቁ፡፡ ‹‹አይፒ 66›› ወይም ‹‹አይፒ 67›› የሚል ጽሑፍ ካለው ይበቃል፡፡ የመጀመሪያው 6 አቧራ ጨርሶ አያስገባም ማለት ሲሆን ሁለተኛው ቁጥር ስለ ውኃ ነው፡፡ ነፋሱ ግን ሌላ ነው፡፡ የአካባቢው ነፋስ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት በስተደቡብ በኩል ያለውን አሸጎዳን ማየት ይበቃል፤ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 84 ተርባይኖችና 120 ሜጋ ዋት አቅም አለው፡፡ ቀጭን ቱቦ ላይ የተሰቀለ ካሜራ በዚህ ነፋስ ይንቀጠቀጣል፡፡ ‹‹እንቅስቃሴ ሳይ አሳውቃለሁ›› የሚለውም ዛፍ በተወዛወዘ ቁጥር ይጮኻል፡፡ ባለቤቱ በሦስተኛው ቀን ድምፁን ያጠፋዋል፤ ሌባው የሚመጣው ደግሞ በአራተኛው ነው፡፡ ሰውንና መኪናን ከቅርንጫፍ የሚለይ ካሜራ ለዚህ ከተማ ጭማሪ ዋጋ ሊከፈልበት ይገባል፡፡ ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ዋይፋይንም ያዳክማል፤ ኬብል የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፡፡

የይለፍ ቃል ነገርም ችላ የሚባል አይደለም፡፡ በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ‹‹ሚራይ›› የተባለ አደገኛ ፕሮግራም ከፋብሪካ የወጣ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን በዓለም ዙሪያ ጠልፎ አሜሪካ ውስጥ እነ ትዊተርን ለሰዓታት አስቁሟል፡፡ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ደግሞ በታዋቂው የቻይና ኩባንያ በሂክቪዥን ምርቶች ላይ ያለ ይለፍ ቃል ካሜራውን ለመቆጣጠር የሚያስችል ቀዳዳ መገኘቱ ይፋ ሆነ፤ ኩባንያውም ማስተካከያ አወጣ፡፡ ማስተካከያው የሚጠቅመው ግን ለጫነው ሰው ነው፡፡ ገጣሚው ባለሙያ የሰጠዎትን የይለፍ ቃል እሱ በሄደበት ቀን ይቀይሩት፡፡

የተከራይና የጎረቤት ነገርም አለ፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ሰውን ለይቶ የሚያሳውቅን መረጃ አያያዝ ይመለከታል፡፡ ካሜራው የጎረቤትን መስኮት ወይም ተከራይ የሚታጠብበትን ጥግ የሚያይ ከሆነ፣ ያን የምስሉን ክፍል በጥቁር መሸፈን የሚያስችል ማስተካከያ በብዙ መቅረጫዎች ላይ አለ፡፡ ከመሰቀሉ በፊት ጎረቤትን ጠርቶ ማሳየት ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፡፡ ነገ ምስክር የሚሆነውም እሱ ነው፡፡

በመጨረሻ ስለ ሰዓት፡፡ ብዙዎቹ መቅረጫዎች በቻይና ሰዓት ተሞልተው ስለሚመጡ ከእኛ በአምስት ሰዓት ይቀድማሉ፡፡ በዚህ ላይ እኛ ‹‹ሌሊት 8 ሰዓት›› የምንለውን በትክክል የተሞላ ሳጥን 2 ሰዓት ይለዋል፤ ያልተስተካከለው 7 ሰዓት፡፡ ለፖሊስ ‹‹ሌሊት 8 ሰዓት ተሰረቅሁ›› ብሎ የጠዋት 7 ሰዓት ጽሑፍ ያለበት ምስል ማቅረብ ጥሩውን ማስረጃ ያደበዝዘዋል፡፡ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ስትደክም ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑንም ይረሳል፡፡ በወር አንድ ጊዜ ሰዓቱን ከሞባይል ጋር ማመሳከር ይበቃል፤ ውጭ ሆኖ የሚያይ ልጅ ካለ ይህን ሥራ ለእሱ መስጠት ነው፡፡