የታሪካዊ ጦር አውሮፕላኖች ሞዴል ለበረራ ሲሙሌተር

የታሪካዊ ጦር አውሮፕላን ሞዴል ባለፉት ጦርነቶች የተሰለፈን አውሮፕላን መልክና የበረራ ጠባይ በኮምፒዩተር ላይ እንደገና የሚያሳይ ሥራ ነው። ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው የአካሉና የአብራሪው ክፍል ባለ ሦስት አውታር ምስል ነው። ሁለተኛው የበረራ ሞዴል ሲሆን፣ ክብደት፣ የክንፍ ቅርጽና የሞተር ኃይል በበረራው ላይ ያላቸውን ውጤት በቀመር ያሰላል። የዘመኑ የአብራሪ መመሪያዎች፣ የፋብሪካ ንድፎች፣ የሙከራ በረራ ዘገባዎችና በሙዚየም ያሉ አውሮፕላኖች ለሠሪዎቹ ምንጭ ይሆናሉ።

ትክክለኛ ሞዴል የአውሮፕላኑን ጉድለትም ይይዛል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1940 የብሪታንያው ስፒትፋየር ሞተር ነዳጅ የሚያገኘው በካርቡሬተር ስለነበር፣ አፍንጫው በድንገት ወደ ታች ሲደፋ ለአፍታ ኃይል ያጣ ነበር። በጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ኢ ግን ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚረጭ ቁልቁል ተወርውሮ ማምለጥ ይችል ነበር። የብሪታንያ አብራሪዎች ሊከተሉት ሲሹ ነዳጁ እንዳይዛባ አስቀድመው አውሮፕላናቸውን በጀርባው ይገለብጡ ነበር። በ1941 መሐንዲሷ ቢያትሪስ ሺሊንግ የነዳጁን ፍሰት የሚገድብ ትንሽ ባለ ቀዳዳ ብረት ሠርታ ችግሩን አቃለለች። ስለዚህ የ1940 ስፒትፋየር ያለዚህ ጉድለት ከተሠራ፣ መልኩ ትክክል ቢሆንም የውጊያው ታሪክ ይዛባል።