ከሁለተኛው ናዳ በፊት

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንሸራቶ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ አካፋም ዶማም ያለው ይዞ፣ የሌለው በባዶ እጁ ደረሰ። አስተዳዳሪው፣ መምህራኑ፣ የጤና ባለሙያዎቹም መጡ። ቆፍረው ሳይጨርሱ ተራራው ዳግም ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የሮጡ ነበሩ።

ዛሬ ይህን የማነሳው ለአዲስ አበባው ካዛንቺስ ነው። በ2017 ዓ.ም. ነባር መንደሮቹ ፈርሰዋል፤ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሕንፃ መሠረት ቁፋሮ እየበዛ ነው። ጉድጓድ ተደርምሶ ሠራተኛ መሞቱ ደግሞ ለአዲስ አበባ እንግዳ ዜና አይደለም። ተራራም ሆነ የጉድጓድ ግድግዳ ጸንቶ የሚቆመው አፈሩ እርስ በርሱ እስከተያያዘ ድረስ ነው። ውኃ በአፈሩ ቀዳዳዎች ሲሞላ ክብደቱ ይጨምራል፣ መያያዣው ይላላል። ግርጌው በቁፋሮ ሲነሳ ደግሞ ደጋፊ ያጣል።

በአልፕስ ተራሮች የሚወርደው የበረዶ ናዳም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ደካማ ንብርብር ላይ የተከመረ በረዶ ጫናው ሲበዛበት ይንሸራተታል። እዚያ ግን በቅዝቃዜው ወራት በየዕለቱ ባለ አምስት ደረጃ የአደጋ መግለጫ ይወጣል። የበረዶ ሸርተቴ ተጓዦች ምልክት ማስተላለፊያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ይይዛሉ፤ የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላልና። አዳኞች የሚማሩት የመጀመሪያ ነገር ሌላ ናዳ ከላይ ይመጣ እንደሆነ ማየት ነው።

በአዲስ አበባው ቆሼም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የተደረመሰው የቆሻሻ ክምር በሥሩ የተጠለሉ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በፊት የሰንዳፋው የቆሻሻ ማስወገጃ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ቆሞ የከተማዋ ቆሻሻ ወደ ቆሼ ተመልሶ ነበር። ክምሩ ሲያድግ ሁሉም ያየዋል፤ «ከእንግዲህ በቃ» ለማለት ሥልጣን የያዘ ማን እንደነበር ግን አልታወቀም።

የካዛንቺስ አጥር ላይም እንዲጻፍ የምፈልገው እንዲህ ያለ ሥልጣን የያዘ ሰው ስም ነው፦ ሌሊት ዝናብ ካደረ ጠዋት የጉድጓዱን ግድግዳ የሚፈትሽ፣ አዲስ ስንጥቅ ካየ ሥራ የሚያስቆም መሐንዲስ። አፈር ሲደረመስ ዘሎ የሚገባው የተቀበረው ሠራተኛ ባልደረባ ነው፤ ጥሪ የደረሰው የእሳትና አደጋ ሠራተኛ እስኪመጣ ባልደረባው ከጠርዙ እንዲርቅ የሚያዘውም ይኸው ሰው መሆን አለበት። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ይሾም፤ ለኮንትራክተሩም አይታዘዝ።