የፕሮሴኮ ስያሜ ጥበቃና የምርት ገደቡ
አረፋማው የጣሊያን ወይን ጠጅ ፕሮሴኮ በገበያ ስሙን ጠብቆ ሊቆይ የቻለው ዕድገቱ በሕግ እንዲመራ በመደረጉ ነው።

እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ ፕሮሴኮ የወይን ተክል ዝርያ ስምም ስለነበር፣ ዝርያውን የተከለ የሌላ አገር አምራች በስሙ ሊገለገል ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ዝርያው «ግሌራ» ተብሎ እንዲጠራ ተወሰነ። ፕሮሴኮ የሚለው ስም ደግሞ በትሪየስቴ አቅራቢያ ከምትገኘው ፕሮሴኮ መንደር ጋር ተያይዞ፣ በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን በሚገኙ ዘጠኝ አውራጃዎች ለሚመረተው ወይን ጠጅ ብቻ የሚያገለግል የምርት መገኛ ስያሜ ሆነ። ሆኖም የአውስትራሊያ አምራቾች ከዚያ በኋላም ስሙን በዝርያ መጠሪያነት መጠቀማቸው ከአውሮፓ ኅብረት ጋር አከራክሯል።

በደንቡ መሠረት ወይን ጠጁ ቢያንስ 85 በመቶ የግሌራ ፍሬ ሊኖረው ይገባል። ከአንድ ሄክታር ሊሰበሰብ የሚችለው ምርት ከ180 ኩንታል እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ የላቀ ደረጃ በተሰጣቸው የኮኔሊያኖና የቫልዶቢያዴኔ ኮረብታዎች ገደቡ 135 ኩንታል ነው። ዓላማውም ጥራቱ እንዳይጓደልና አቅርቦቱ ከፍላጎት በልጦ ዋጋው እንዳይወድቅ ነው።

የምርት ገደቡ ብቻውን ግን በቂ አልሆነም። እርሻው ሲስፋፋ ነዋሪዎች ስለኬሚካል ርጭት ቅሬታ በማቅረባቸው፣ የኮረብታዎቹ አምራቾች ማኅበር ግላይፎሴት የተባለውን ፀረ አረም ከ2019 ጀምሮ አግዷል። ስያሜው ከሥፍራው የተገኘ በመሆኑ ሥፍራውን መጠበቅ ስያሜውን ከመጠበቅ ተለይቶ አይታይም።