ድምፅ ሲጎረንን

 

እስኪ ጣታችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጉና «አ» በሉ። የሚንቀጠቀጠው ነገር ማንቁርት ይባላል። ድምፅ የሚወጣው ከእሱ ነው። ስንውጥም ምግቡ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ይዘጋል።

በእኛ በደባርቅና በዳባት ብርዱ ብርቱ ነው። ድምፁ የጎረነነ ሰው «ጉንፋን ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። ከሦስት ሳምንት ካለፈ ግን የማንቁርት ካንሰር ሊሆን ይችላል። በተለይ ትንባሆ የሚያጨስና አረቄ የሚያዘወትር ሰው ይጠንቀቅ። እንጥል ማስቆረጥማ ምንም አይረዳም። ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጊዜም ያባክናል።

ቀደም ሲል ካንሰሩ ከገፋ ሐኪሞች ማንቁርቱን በሙሉ ያወጡት ነበር። ሰውየው ሊድን ይችላል። የሚተነፍሰው ግን አንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ የቀድሞ ድምፁም አይመለስም። እኔ መምህር ነኝ፤ እንጀራዬ በድምፄ ነው። ይህን ሳስብ ይጨንቀኛል።

ታዲያ በአሜሪካ አገር 332 ሕሙማን በሁለት ተከፈሉ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። አንዱ ወገን ቀዶ ሕክምናና ጨረር አገኘ። ሌላው ወገን መጀመሪያ ሲስፕላቲንና ፍሎሮዩራሲል የሚባሉ መድኃኒቶችን በደም ሥር ወሰደ። ዕጢው ከቀነሰ ጨረር ተከተለ፤ ካልቀነሰ ቀዶ ሕክምና ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሁለቱም ወገን ከ100 ሰው 68ቱ በሕይወት ነበሩ። መድኃኒት ካስቀደሙት ደግሞ ከ100 ሰው 64ቱ ማንቁርታቸው ተርፎላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሲስፕላቲንን ከጨረሩ ጋር አብሮ መስጠት ይበልጥ እንደሚያተርፍ አሳየ፤ በሁለት ዓመት ከ100 ሰው 88።

ቀላል ነው አልላችሁም። ሲስፕላቲን ያስታውካል፤ ኩላሊትንና ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። ጨረሩ በሳምንት አምስት ቀን፣ ሰባት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ለረጅም ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የነበረው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በአዝመራ ወቅት ሰባት ሳምንት ከቤት መራቅ ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቀዋል። ደግሞም ማንቁርቱ ክፉኛ ተበልቶ ምግብ ወደ ሳንባ የሚያስገባ ከሆነ፣ ማውጣቱ ይሻላል።

ስለዚህ መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወደ ጎንደር ሆስፒታል ከጻፉላችሁ አትዘግዩ። እዚያ ሐኪሙ ጉሮሮን በመሣሪያ ያያል፤ ቅንጣት ሥጋ ወስዶም ያስመረምራል። ስትሄዱ ድምፁ የተለወጠበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። አሁን መጻፍ ችላችኋል።