ናስር 128፦ የጠባብ ሰፈር መኪና

አርድ ኤል ሊዋ በጊዛ በኩል፣ ከሞሃንዲሲን ሰፈር የባቡር ሐዲድ ብቻ የሚለየው፣ ነዋሪዎቹ በእርሻ መሬት ላይ በራሳቸው አቅም የገነቡት የታላቋ ካይሮ ክፍል ነው። ከአገራችንና ከኤርትራ የሄዱ ብዙ ስደተኞችም ቤት ተከራይተው ስለሚኖሩበት ስሙ ለአማርኛ አንባቢ ባዳ አይደለም። የሰፈሩ መንገዶች የድሮውን የመስኖ ቦይና የእርሻ መደብ ተከትለው የወጡ በመሆናቸው ቀጥ ያሉ ግን ቀጫጭን ናቸው፤ ግራና ቀኝ በተፋጠጡት ባለብዙ ፎቅ ሕንፃዎች መካከል መኪና ስታልፍ እግረኛው ግድግዳ ይጠጋል። እንዲህ ባለ ቦታ የመኪና ወርድ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው። ናስር 128 ከጎን እስከ ጎን 1 ሜትር ከ59 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት። ግብፃውያን ለዚህች አሮጌ መኪና የሚያሳዩት ናፍቆትና ወጣቶች በሠርግና በድል ቀን በመኪና የሚያሳዩት ትርኢት በተለምዶ ለየብቻ ይታያሉ፤ አንዱ እንደ ትዝታ ይወደሳል፣ ሌላው እንደ ጥጋብ ይወገዛል። በእኔ እምነት ሁለቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ሥራቸውም ተራ ሰው ከፍቶ ሊያየው፣ ሊጠግነውና እንደ ልቡ ሊያዝዘው በሚችለው ማሽን ላይ የሚሰማው ባለቤትነት ነው።

መጀመሪያ መኪናዋን እንተዋወቃት። ፊያት 128ን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በማግሥቱ ዓመት የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመረጠች። የንድፏ ሐሳብ የኢንጂነር ዳንቴ ጃኮሳ ነበር። ሞተሩን አጋድሞ በወርድ አስቀመጠው፣ ካምቢዮውን ከጎኑ ቀጠለበት፣ ካምቢዮው መሐል ላይ ስለማይውልም ኃይሉን ወደ ፊት ጎማዎች የሚያደርሱትን ዘንጎች አንዱን ረጅም ሌላውን አጭር አደረጋቸው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሠሩት ትናንሽ መኪኖች አብዛኞቹ የሚከተሉት ይህንኑ አቀማመጥ ነው። አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የነደፈው 1116 ሲሲ ሞተር 55 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል፤ መኪናዋ ባዶዋን 800 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ስኮርታ ጎማዋ እንኳ የተቀመጠችው ከኮፈኑ ሥር ነው፤ ዕቃ መጫኛው ለዕቃ ብቻ እንዲቀር ማለት ነው። ኮፈኑን የከፈተ ሰው ካርቡራተሩን፣ ካንዴላዎቹን፣ ባትሪውንና የራዲያተሩን ማራገቢያ አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ሊቆጥር ይችላል። ምንም የተሸፈነ፣ ኮምፒውተር ካልተሰካበት አልናገርም የሚል ክፍል የለውም።

ግብፅ ውስጥ መኪናዋን የገጣጠመው በ1960 በሄልዋን የተመሠረተው የመንግሥት ድርጅት፣ የናስር አውቶሞቢል ፋብሪካ ነው። ከዚያ በፊት ራምሲስ የምትባል፣ የጀርመኑን የኤንኤስዩ ሁለት ሲሊንደር ሞተር የያዘች ትንሽ መኪና ተሞክራ ነበር፤ ናስር ደግሞ የፊያትን 1100ና 1300 ከገጣጠመ በኋላ ወደ 128 ተሻገረ። ጣሊያን 128ን ማምረት ካቆመች ከብዙ ዓመታት በኋላም ካይሮ ቀጥላበታለች፤ የቆመችው ፋብሪካው በ2009 እንዲፈርስ በተወሰነበት ጊዜ አካባቢ ነው። ርዝመቱን ልብ በሉልኝ፦ አንድ ዓይነት መኪና ለሁለት ትውልድ ያለ ብዙ ለውጥ ተሸጠ። ለኢንዱስትሪው ይህ ድክመት ነበር፣ አልክደውም። ለመካኒኩ ግን አባት ለልጁ ሊያወርሰው የሚችል ዕውቀት ሆነለት። በመሐል ካይሮ የታውፊቂያ መንገድ የመለዋወጫ ሱቆች፣ በሰላም ከተማ አቅራቢያ ያለው የሐራፊዪን የጋራዥ መንደር፣ በየሰፈሩም አንድ በር ያለው ጋራዥ የኖሩት በዚህ ዕውቀት ነው። አንድ ክፍል ሲጠፋ ከሌላ ሞዴል ተሞርዶ ይገጠማል፤ ላሜራ ሲበላ ተቆርጦ ይበየዳል።

ትርኢቱ የሚመጣው ከዚህ ዕውቀት ነው። በካይሮ ሠርግ አጀብ መኪኖች በጥሩንባ ምት እየመቱ በሌሎች መኪኖች መካከል እንደ መርፌና ክር እየተጠላለፉ ይነዳሉ፤ ክፍት ቦታ ሲያገኙ አንዱ ወጣ ብሎ በቦታው ይሽከረከራል። ግብፅ በ2006፣ በ2008ና በ2010 የአፍሪካን ዋንጫ ባነሳች ጊዜ ከአርድ ኤል ሊዋ ሐዲዱን ተሻግሮ ያለው ሰፊው የአረብ ሊግ ጎዳና በጥሩንባና በባንዲራ የተሞላው በዚሁ ባህል ነው። 128 ለሽክርክሪት የምትመች መሆኗ ከአሠራሯ የመጣ ነው። ሞተሩም ካምቢዮውም ከፊት ስለሆኑ ኋላዋ ቀሊል ነው፤ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ነጂው መሪውን ጠምዝዞ የእጅ ፍሬኑን ሲስብ ኋላዋ ተንሸራቶ ይዞራል፤ ፍሬኑን ለቆ ነዳጅ ሲሰጣት የፊት ጎማዎች ጎትተው ቀጥ ያደርጓታል። ይህን ለማድረግ ትልቅ ፍጥነት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ፍሪሲዮንን፣ መሪንና የእጅ ፍሬንን በአንድ ትንፋሽ ማቀናጀት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰፊ አውራ ጎዳና ላይ ከሚታየው የመንሸራተት ትርኢት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ እዚያ የሚታየው ፍጥነት ነው፣ እዚህ የሚታየው እጅ ነው። በ55 የፈረስ ጉልበት በገንዘቡ የሚኩራራ የለም። የሚኩራራው በችሎታው ነው፤ ጠዋት ካርቡራተሯን ያጸዳውም ብዙ ጊዜ ራሱ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው፦ ይህ ችሎታ ሰው ይገድላል። እውነት ነው። የግጭት ጉልበት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ስለሚያድግ ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የወጣች መኪና የምትመታው በአራት እጥፍ ነው፤ ስምንት መቶ ኪሎ ብረት ደግሞ ልጆች በሚጫወቱበት ቀጭን መንገድ ላይ ቀላል አይደለም። ሽክርክሪት ሲበላሽ ነጂው መኪናዋ የት እንደምትቆም አያውቅም፣ እግረኛውም የሚሸሽበት የለውም። ስለዚህ በሰፈር ውስጥ የሚደረገውን ትርኢት ያለ ምንም ማመቻመች እቃወማለሁ። ነገር ግን ወጣቱ የሚያሳየው ነገር ባዶ ጥጋብ ነው ብሎ መነሳት መፍትሔውን ያርቃል። የሙያ ኩራት መሆኑን የተረዳ አስተዳደር አጥር ያለው ሜዳና ሰዓት ሊሰጠው ይችላል፤ ጥጋብ ነው ያለ ግን ቅጣት ብቻ ይቀረዋል፣ ቅጣቱም ፖሊስ ዘወር ሲል ያበቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ናፍቆቱ ነው፦ መኪናዋ ጭስ ታወጣለች፣ የአየር ከረጢት የላትም፣ በዘመኗም ቢሆን የአርድ ኤል ሊዋ ጎጆ ወጪ ሊገዛት አይችልም ነበር። ጭሱን በተመለከተ የግብፅ መንግሥት የወሰደው እርምጃ ትክክል ነበር። የ2008ቱ የትራፊክ ሕግ ቁጥር 121 ከ20 ዓመት በላይ የቆዩ የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ፈቃድ እንዳይታደስላቸው ካዘዘ በኋላ፣ ከ2009 ጀምሮ አሮጌዎቹ ጥቁርና ነጭ ታክሲዎች እየተሰባበሩ በነጭ ታክሲዎች ተተኩ፤ ከተሰባበሩት መካከል 1300ዎችና 128ቶች ነበሩባቸው። ቀኑን ሙሉ ከተማ የሚዞር ታክሲ በመቀየሩ የሚታዘንበት ምክንያት አይታየኝም። በሳምንት አንዴ የምትወጣ የቤት መኪና ግን ጉዳቷ ከዚያ ጋር አይመዘንም። ስለ ገዢዋ የተነሳው ነጥብ ደግሞ ናፍቆቱን ያብራራል እንጂ አያፈርስም። ሰው የሚናፍቀው አዲሷን 128 አይደለም፤ ሦስተኛ ወይም አራተኛ እጅ ሆና፣ ዋጋዋ ወርዶ፣ ጋራዥ ደጃፍ ላይ የደረሰችውን ነው። ወደ ጠባቡ ሰፈር የገባችው በመካኒኩ እጅ ነው።

የዛሬው የአርድ ኤል ሊዋ ወጣት ይህን ባለቤትነት የሚያገኘው እኛ ባጃጅ በምንለው፣ እነሱ ቱክ ቱክ በሚሉት ተሽከርካሪ ላይ ነው፤ በሁለት ጎማ አዘንብሎ መንዳትም የአሮጌው ትርኢት ወራሽ ሆኗል። መንግሥት በ2021 የቱክ ቱክ ዋና ክፍሎች እንዳይገቡ ከልክሎ በአነስተኛ ሚኒባስ ሊተካው ሲሞክር ዋናው ጥያቄ ሚኒባሱ እዚያ መንገድ ውስጥ ይገባል ወይ የሚለው ነበር። የናስር ፋብሪካም በ2024 በሩን ሲከፍት የወጣው አውቶቡስ ነው። ለካይሮ አውቶቡስ ያስፈልጋታል፤ ለጠባቡ መንገድ የሚሆን፣ ሰው በእጁ ሊጠግነው የሚችል ነገር ግን ያን ጊዜ ከዚያ በር አልወጣም።

አዲስ አበባም በሰይቼንቶዋ፣ በቮልሷና በላዳዋ ይህንኑ መንገድ ተጉዛለች። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ከ2024 ወዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ጋራዦች ዞሯል፦ ባትሪዋ የታሸገች፣ ብልሽቷን በኮምፒውተር ብቻ የምትናገር መኪና ሦስተኛ እጅ ስትሆን ማን ይከፍታታል? አስመጪዎች የጥገና መመሪያውንና የመመርመሪያ መሣሪያውን ለማንኛውም ፈቃድ ላለው ጋራዥ እንዲሸጡ ከአሁኑ ማስገደድ ይቻላል፤ ይህም በማስመጫ ፈቃድ ላይ አንድ አንቀጽ ከመጨመር የበለጠ ሥራ አይጠይቅም።