ቻርጅ በፕላስቲክ ገጽ ላይ እንዴት ይቆያል?

ፀጉሩን በፕላስቲክ ሚዶ ያበጠረ ሰው ሚዶው ቁራጭ ወረቀት ሲስብ ሳያይ አይቀርም፡፡ የሚስበው በመተሻሸት በገጹ ላይ የተጠራቀመው ቻርጅ ነው፤ ነገር ግን ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፡፡ በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ቻርጁ ለዓመታት እንዲቆይ የሚያደርገው ምን እንደ ሆነ ነው፡፡

ቻርጅን ለረጅም ጊዜ ይዞ የሚቆይ ነገር ኤሌክትሬት ይባላል፡፡ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1919 ገደማ ጃፓናዊው ሞቶታሮ ኤጉቺ ሰምና ሙጫ አቅልጦ በብርቱ የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ እንዲረጋ በማድረግ ኤሌክትሬት ሠራ፡፡ በ1962 ደግሞ ጌርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ቻርጅ ከያዘ ስስ ፕላስቲክ ማይክሮፎን ሠሩ፡፡

ፖሊመር ማለት ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተጠላለፉበት ነገር ነው፡፡ ሰንሰለቱ በተበጠሰበት፥ ወይም በሥርዓት የተደረደረው ክፍል ከተዘበራረቀው ጋራ በሚዋሰንበት ቦታ፥ ኤሌክትሮን ጉድጓድ ውስጥ እንደ ገባ ሆኖ ይያዛል፡፡ ጉድጓዱ ጥልቅ ሲሆን ኤሌክትሮኑን ለማውጣት ብዙ ሙቀት ያስፈልጋል፡፡

ገጹን በናኖሜትር፥ ማለት በሚሊሜትር አንድ ሚሊዮነኛ መጠን ብናሻክረው፥ ስፋቱ ስለሚጨምር ብዙ ቻርጅ ይይዛል ብሎ ማሰብ ይቻላል፡፡ ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፡፡ አየር መስኩ በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ያህል ሲደርስ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፡፡ ስለዚህ መስኩ በአንድ ወገን ብቻ ወደ አየር በሚወጣበት ጠፍጣፋ ገጽ ላይ በካሬ ሜትር የሚቀመጠው 27 ማይክሮኩሎም ያህል ነው፡፡ ይህም ጎኑ 78 ናኖሜትር በሆነ ካሬ ላይ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ማለት ነው! እንግዲህ ችግሩ የቦታ ጥበት ሳይሆን የመያዣ ጕድለት ነው፡፡

የናኖ አሠራር ዋና ጥቅምም ከዚሁ ላይ ነው፡፡ በፖሊመሩ ውስጥ የተደባለቁ ደቃቅ ቅንጣቶች ወሰኖችን፥ ስለዚህም ጥልቅ ጉድጓዶችን ያበዛሉ፡፡ ውሃ የማይወድ ሻካራ ገጽ ደግሞ እርጥበት እንደ ስስ ልባስ ተያይዞ ቻርጁን እንዳይወስድ ይከለክላል፡፡ ይሁን እንጂ ሹል ጫፍ መስኩን ስለሚያበረታ ቻርጁ ወደ አየር እንዲያመልጥ ያደርጋል፤ ስለዚህ ማሻከሩ ልክ ሊኖረው ይገባል፡፡

ነገሩ የላቦራቶሪ ጨዋታ ብቻ አይደለም፡፡ በ2020 ወረርሽኝ ጊዜ ሐኪሞች ያጠለቁት ጥሩ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ፥ ደቃቁን ብናኝ የሚይዘው በአብዛኛው በፖሊፕሮፒሊን ክሮቹ ላይ ባለው ቻርጅ ነው፡፡ በአልኮል ቢታጠብ ጨርቁ እንደ ነበረ ይታያል፤ ቻርጁ ግን ይጠፋል፥ የለበሰውም ሰው መከላከያው እንደ ከዳው አያውቅም፡፡ ስለዚህ በፕላስቲክ ላይ የተቀመጠ ቻርጅ ምን ያህል እንደ በዛ ብቻ ሳይሆን፥ በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ መለካት ያስፈልጋል፡፡